የቀኙ ስፒከር

ቅዳሜ፣ የካቲት 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

አንደኛው የስፒከር ሣጥን ከሌላው በግማሽ ጣት ያጥራል ብዬ ልተዋቸው ነበር፤ ለካ የተጣመመው የሻጩ ጠረጴዛ ነው። ወለሉ ላይ አውርጄ በሜትር ለካኋቸው። እኩል ናቸው።

ከጉደር ነው ያመጣኋቸው። ሻጩ ጡረታ የወጣ የእርሻ ባለሙያ ነው፤ ሴት ልጁ ዘንድ ሊገባ ስለሆነ ዕቃውን ይሸጣል። ጥንድ ስፒከሮች፣ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ዓይነት፣ ከእንጨት የተሠሩ፣ ቁመታቸው ክንድ የማይሞላ። ዕድሜያቸው ከአርባ ዓመት ያልፋል። ሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንደነዚህ ያሉ ሁለት ነበሩ። እሑድ ከሰዓት ርእሰ መምህርቷ የመዘምራን ሸክላ ታሰማን ነበር። እጅ ጉልበት ላይ፣ አፍ ዝግ፤ ያሳለች ትወጣለች። ሳል ይዞኝ ሁለት እሑድ ውጭ ቆሜአለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድምፅ አልሰማሁም። ስልክ ላይ የሚሰማው መዝሙር ጣሳ ውስጥ የተዘጋበት ዝንብ ነው።

ከመግዛቴ በፊት የመረመርኩት፦

እንጨቱን ምስጥ አልነካውም። የአንዱ ማዕዘን ተላልጧል።

የፊቱን ጨርቅ አይጥ በልቶታል።

በትልቁ ድምፅ ማውጫ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። የሁለቱም።

ትንሹ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው፣ ትዊተር የሚሉት፣ ደህና ነው። ሰውዬው ቴፕ ከፍቶልኝ በየተራ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ። የሁለቱም እንደ መርፌ የጠራ ነው።

የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያ ላይ እንጫናቸው አለኝ። እኔን ጣሪያ ላይ ጫነኝና እነርሱ በወንበሬ ይቀመጡ አልኩት። እስከ አምቦ በወንበር መጡ።


እሑድ፣ የካቲት 3

ሥራ አልሠራሁም።

መዘምራኑ ዛሬ ደህና ነበሩ፤ በቀኝ በኩል ከሚቆሙት ልጃገረዶች በቀር። ድምፃቸውን ይውጣሉ። ሦስት ወር ሙሉ ነግሬያቸዋለሁ። አዲስ ዘማሪ ሲመጣ ድምፁን የምመዝነው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔም ነው። ከአምልኮ ስንወጣ ለአንዷ ደግሜ ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ማልቀስ ድምፅ አያወጣም አልኳት።

በማስታወቂያ ላይ የመጪው እሑድ የጌታ እራት እንደሆነ ተነገረ። የንብረት ኮሚቴውም ሐሙስ ይሰበሰባል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያዎች ይጮኻሉ፣ ለጥገና ለማን ይሰጡ የሚል ነው። አምስት ነን። ሰብሳቢው ኦቦ ፊጣ፣ ጸሐፊዋ እኔ።

ነገ ሣጥኖቹን ወደ ገመቹ እወስዳለሁ።


ሰኞ፣ የካቲት 4

ገመቹ ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። አምስተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። እጅ ጽሑፉ ክፉ ነበር፣ ሒሳቡ ንጹሕ። አሁን ራሱ የልጆች አባት ሆኖ እንኳ ስገባ ብድግ ይላል።

የባትሪ ድንጋይ አንሥቶ ሁለቱን ሽቦዎች ነካ አደረጋቸው። ድምፅ ማውጫው ወደ ፊት ዘለል አለ። ሁለቱም ወደ ፊት ከዘለሉ አንድ ላይ ይሠራሉ፣ አንዱ ወደ ኋላ ከሄደ ይጣላሉ አለኝ። ሁለቱም ወደ ፊት ዘለሉ። ይህን አላውቅም ነበር፤ ጻፍኩት።

ስፖንጁን ይለውጣል። የደረቁ ሁለት ካፓሲተሮችንም፣ ሽቦው ላይ ያሉትን ትንንሽ በርሜሎች፣ ይለውጣል። ትዊተሮቹን አልነካም አለ። ማጣበቂያው ሁለት ቀን መድረቅ አለበት።

“ረኮ ሂንቀቡ ቲቸር፣ ችግር የለም” አለኝ።

ሠራተኛ ችግር የለም ሲለኝ መሥጋት እጀምራለሁ አልኩት። ሳቀ። ስወጣ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ዐረፈ፤ ከተበላሹ ስፒከሮች የወጡ ትንንሽ ትዊተሮች እንደ አዝራር ተደርድረዋል።


ማክሰኞ፣ የካቲት 5

የስፒከሮቹን የፊት ክፈፍ ቤት አስቀርቼ ነበር። አሮጌውን ጨርቅ ፈትቼ ጣልኩ። አዲሱ ጨርቅ ድምፅ ማሳለፍ አለበት። ፈተናው ቀላል ነው፦ ጨርቁን አፍ ላይ አድርጎ መንፋት። አቡጀዲ ትንፋሼን መለሰው። ሻሽ አሳለፈው። ሻሹን በሻይ ቅጠል ቀቅዬ ቡና ዓይነት መልክ አወጣሁለት፣ አደረቅሁት፣ ወጥሬ በትንንሽ ምስማር መታሁት። አንዱን ክፈፍ ሁለት ጊዜ ፈታሁት፤ ክሩ ሰያፍ ሄዶ ነበር። ማንም አያየውም። እኔ አየዋለሁ።

ቀኑ በሙሉ በዚህ ሄደ። ደስ ብሎኛል።


ረቡዕ፣ የካቲት 6

ወደ ማታ ገደማ ገመቹ ራሱ በባጃጅ አመጣቸው። እንደ ልማዱ ያወጣቸውን አሮጌ ዕቃዎች በፌስታል አድርጎ አስረከበኝ፤ ምን እንደለወጠ ባለቤቱ እንዲያይ ነው። ቸኩሎ ስለነበር አልተቀመጠም።

መደርደሪያው ላይ አደረግኳቸው። በመካከላቸው ሦስት እርምጃ፣ ከወንበሬ እስከ እነርሱም ሦስት እርምጃ። ወንድሜ ከተወልኝ አምፕሊፋየር ጋር አገናኘሁ። ከዓመታት በፊት ያሠለጠንኳቸውን መዘምራን ካሴት ከፈትኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

የግራው ግሩም ነው። ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል።

የቀኙ ጋቢ የተከናነበ ይመስላል። ወፍራሙ ድምፅ አለ፤ ቀጭኑ የለም።

ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ሦስቴም ያው ነው። ጉደር በጆሮዬ ያረጋገጥኩት ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ጥሩ ነበሩ። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። የስፖንጅ ፍርፋሪና ሁለት ካፓሲተሮች። ትዊተር የለም። ታዲያ የቀኙ ትዊተር የት ገባ? መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ትዝ አሉኝ።

እንጨቱን ማለስለስ ጀምሬ ነበር። የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጥኩት።


ሐሙስ፣ የካቲት 7

ጠዋት ሄድኩ። ቴሌቪዥኑን የሚጠብቅ አንድ ደንበኛ ተቀምጧል። የቀኙ ትዊተር ያመጣሁልህ አይደለም አልኩ። ገመቹ አልነካሁትም አለ። ጆሮዬ ምስክር ነው አልኩ። ደንበኛው ስልኩን ማየት ጀመረ።

ገመቹ ድምፁን አላነሣም። ሁለቱን ሣጥኖች አቀያይሬ እንድሰማ ለመነኝ። የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ። “ችግሩ ሣጥኑን ተከትሎ ከሄደ የኔ ነው፤ ሳልጠየቅ አዲስ እገዛለሁ” አለ። ማድመጥ ልታስተምረኝ ነው ወይ ብዬው ወጣሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኦቦ ፊጣ ማጉያዎቹን ለገመቹ እንስጥ፣ የራሳችን አባል ነው አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አልነቀነቅሁም። ለምን ተባልኩ። ያመንኩት ሰው ዕቃ ለውጦብኛል አልኩ። ኦቦ ፊጣ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩና፣ “አዴ ጌጤ እንዲህ ካሉ አለቀ” አሉ። ጉደር ላለ ጠጋኝ ይላኩ ተባለ።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ “አቶ ገመቹ የሚታመን ሆኖ ስላልተገኘ።” አምስታችንም ፈረምን።

መናገር ግዴታዬ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው።


ዓርብ፣ የካቲት 8

ዛሬ ማስረጃ ላደራጅ ተነሣሁ። ከቀኙ ሣጥን ጀርባ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ።

የጓሮውን ክፍል የተከራየችኝ ትዕግሥት ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። ሥራ ሳትሄድ ጠራኋት። ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ካሴቱን ከፈትኩላት። የትኛው ነው የተበላሸው አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

“እማማ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው።”

ደግመሽ ስሚ አልኳት። በቀኝ በኩል ያለችዋ ዘማሪ ትንፋሽ ስትስብ እንኳ ይሰማኛል አለች። እናንተ በስልክ ያደጋችሁ ልጆች ብዬ ወደ ሥራዋ ሸኘኋት።

ከዚያ ገመቹ ያለውን አደረግሁ፤ ምክንያት እንዳይኖረው ብዬ ነው። ሣጥኖቹን አቀያየርኩ። ጠመኔ ያለበት አሁን ግራ ላይ ነው። ከፈትኩ። ጠመኔ ያለበት ጥርት ብሎ ዘመረ። ጋቢ የተከናነበው ጠመኔ የሌለበት ሆነ።

ተሳስቻለሁ ብዬ መልሼ አቀያየርኩ። ሁልጊዜ የሚደበዝዘው በቀኝ ያለው ነው፤ የትኛውም ሣጥን ይሁን።

ወንበሩን አዞርኩት። ጀርባዬን ለመደርደሪያው ሰጥቼ ግድግዳውን እያየሁ ተቀመጥኩ። በግራ ያለው ሣጥን አሁን በቀኜ በኩል ዋለ። እርሱ ደበዘዘ።

ካሴቱ እስኪያልቅ ግድግዳውን እያየሁ ቆየሁ።

ተነሥቼ ግራ ጆሮዬን ጠመኔ ያለበት ሣጥን ላይ አስጠጋሁ። እንደ መርፌ። ቀኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጋቢ። ስልክ የማነሣው በግራ ነው፤ ቀኜ እስክሪብቶ ይይዛል። ጉደርም ሁለቱን የሰማሁት በግራው ነው።

እንዲህ ነው እንግዲህ፦

ትዊተሩ አልተለወጠም። ያልተለወጠ ዕቃ ፌስታል ውስጥ አይገኝም።

ልጃገረዶቹ ድምፃቸውን አይውጡም።

ሦስተኛው ስሕተቴ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፏል፤ ጽሑፉም ፊርማውም የእኔ ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ጠዋት ክሊኒክ። የጆሮ ሰም እንዲሆን ጸለይኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት በሕይወቴ ጸልዬ አላውቅም። የጤና መኮንኑ በመብራት አየና ሰም የለም፣ ንጹሕ ነው አለ። የነርቭ ይመስላል፣ በዕድሜ የሚመጣ፤ አዲስ አበባ ሄደው ያስመርምሩ፣ ግን የሚመለስ አይመስለኝም አለ። አመሰገንኩት። ንጹሕ ጆሮ ስላለኝ ሊያጽናናኝ ሞከረ።

ከዚያ ኦቦ ፊጣ ቤት። ሁሉንም ነገርኳቸው። ማጉያዎቹ ትናንት ከሰዓት ወደ ጉደር ሄደዋል፤ ጠጋኙም መፍታት ጀምሯል። ኦቦ ፊጣ ደግ ሰው ናቸው። ነገሩን ተዉት፣ የሚቀጥለውን ሥራ ለገመቹ እንሰጠዋለን፣ ማንም አይጠይቅም አሉኝ። ቀጥለውም ዝቅ ብለው፣ “ጆሮዬ ደከመ ካሉ ነገ መዘምራኑን ማን ይመዝንልናል?” አሉ።

ከደጃቸው እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ድረስ ምክራቸውን ልቀበል አስቤ ነበር። መንገዱ አጭር አይደለም። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው።

ገመቹ ሱቅ ስደርስ አንዲት ሴት ሬዲዮዋን ታቅፋ ስትወጣ አገኘኋት። ሳይሠራ መልሳ እየወሰደች ነው። ገመቹ ብድግ አለ፤ እንደ ልማዱ። ፊቱ ግን ሌላ ነበር። የጉደሩ ጠጋኝ የሥራ ወዳጁ ነው፤ ትናንት ደውሎ ምን አድርገህ ነው ብሎ ጠይቆታል። ከዚያ ወሬው ገበያ ወጣ።

ሣጥኖቹን አቀያይሬ ሰማሁ አልኩት። ችግሩ ሣጥኑን አልተከተለም፤ ጆሮዬ ነው፤ ይቅር በለኝ አልኩ። የመበየጃው ካውያ እየጋለ ነበር፤ ሶኬቱን ነቀለው።

“ቲቸር፣ እዚህ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል? እኔን ሌባ ያሉኝ እዚህ አይደለም።”

“ሌባ አላልኩህም።”

“የማይታመን ብለው ጽፈዋል። እርስዎ ደግሞ ቃል አያባክኑም።”

በተናገርኩበት ቦታ እናገራለሁ አልኩት። ነገ የጌታ እራት ነው፤ ተጣልተን መቅረብ የለብንም፣ ይቅር ብለኸኛል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሚስቱ ትናንት ማታ እንዳለቀሰች፣ ልጁም ትምህርት ቤት ስለ አባቱ እንደ ተጠየቀ ነገረኝ። አሁን ይቅር ብያለሁ ቢለኝ ውሸት እንደሚሆን፣ እኔን ደግሞ መዋሸት እንደማይችል ተናገረ። ይህን ሲል አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።


እሑድ፣ የካቲት 10

ኦቦ ፊጣን ለምኜ አምስታችንም ከአምልኮ በፊት ቢሮ ተሰበሰብን። ቆሜ ተናገርኩ። ወንበር ሰጡኝ፣ አልተቀመጥኩም። ሐሙስ የተናገርኩት ሐሰት እንደሆነ፣ ገመቹ ምንም እንዳልለወጠ፣ የቀኝ ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ እንደማይሰማ፣ ፈትሺ ተብዬ አልፈትሽም ማለቴን። የመጨረሻው ነው የከበደኝ። መታመም ነውር አይደለም። ፈትሽ ተብሎ እምቢ ማለት ነው።

የመዘምራኑ ኃላፊ የኮሚቴው አባል ነው። ታዲያ ልጃገረዶቹስ አለ። እነርሱንም በድያለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ድምፅ አልመዝንም አልኩ። ማንም አይሆንም አላለም። እንዲሉ ጠብቄ እንደነበር ያወቅሁት ዝም ሲሉ ነው።

ያለፈው ሐሙስ ውሳኔ እንዲሻር አዲስ ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ። አሮጌውን መቅደድ ይቻላል አሉ ኦቦ ፊጣ። አይቀደድም፣ ከሥሩ ይጻፍ አልኩ። ምክንያቱ በሙሉ ቃል ሰፈረ፦ “ጸሐፊዋ ሳታጣራ በሰጠችው የተሳሳተ ቃል።” ሁሉም ፈረሙ። ማጉያዎቹ ግን ተፈትተዋል፤ ያ ሥራ ለገመቹ አይመለስም።

በጌታ እራት ሰዓት ረድፉ ሲነሣ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ከቁርባን ትምህርት ከተመረቅሁ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ጎረቤቴ ክንዴን ነካ አደረገችኝ፤ አሞኝ መስሏት ነው። አላመመኝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰው ሁሉ ሲሄድ አግዳሚዎቹ ባዶ ሆኑ። ዞር ብዬ ሳይ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ገመቹም ተቀምጦ ቀርቷል። ሚስቱ ብቻዋን ሄዳለች። በዚያ ሁሉ ባዶ አግዳሚ ላይ ሁለታችን ብቻ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ቀድሞ አንገቱን ያቀረቀረው እርሱ ነው።

የቀኝ ልጃገረዶች ዘመሩ። ጭንቅላቴን ዞር አድርጌ በግራ ጆሮዬ ሰማኋቸው። ያቺ ያስለቀስኳት ከሁሉም ትበልጣለች። ከአምልኮ በኋላ ፈልጌ ነገርኳት። አመነችኝ አላመነችኝ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ወንበሩን ከመደርደሪያው ቀኝ ጫፍ አጠገብ፣ ግራ ጎኔን ለሣጥኖቹ ሰጥቼ አደረግሁት። ሁለቱም ከአንድ ወገን ይመጣሉ። እንደ ቤተ መጻሕፍቱ አይደለም። ይሰማል ግን።


ሰኞ፣ የካቲት 11

የተላለጠውን ማዕዘን በሰጋቱራና በአናጢ ኮላ ሞላሁት። ሲደርቅ አለሰለስኩት። ቫርኒሹ ነገ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ። የተከፈተ ቴሌቪዥን ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። አልተነሣም። በዚህ ሁሉ ዓመት ሳይነሣ ሲቀር የመጀመሪያው ነው። በሩ ላይ ቆሜ ያደረግሁትን ነገርኩት፤ የተናገርኩትን፣ የጻፍኩትን፣ ማን ማን እንደ ፈረመ። ሰምቻለሁ አለ፤ ኦቦ ፊጣ ጠዋት መጥተው ነበር። ወረቀቱንም አሳይተውታል። አንብቦታል።

መልስ ፍለጋ አልመጣሁም፤ አንተ ከእኔ አፍ መስማት አለብህ ብዬ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ያቺ ሬዲዮዋን ይዛ የሄደች ሴት ተመልሳ እንዳመጣችው ነገረኝ። ሌሎቹ ደንበኞች ገና ናቸው።

ይቅር ብዬዎታለሁ አላለም። እኔም አልጠየቅኩም። ልሄድ ስል፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ፣ ይቀመጡ እንጂ አለ። በርጩማዋ ደንበኛ ሁሉ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነበረች፤ እዚያ ብቀመጥ ገመቹ በቀኜ ይሆናል። ልቀመጥ ጎንበስ ስል እጁን ዘርግቶ አነሣትና ጠረጴዛውን ዞሮ በሌላው ጎን አስቀመጣት።

እዚያ ተቀመጥኩ። ስለ ቴሌቪዥኑ ብልሽት ማስረዳት ጀመረ፣ ድምፁን ሳያነሣ። ሁሉንም ሰማሁት።